ወረዳችንን አሳልፎ የሰጠው

ከተማችን ኦንዋምሶ የወረዳ መቀመጫ ሳለች ሆስፒታሉም አምቡላንሱም የኛ ነበሩ። ኋላ መንግሥት ሁለት ወረዳ አጥፎ አንድ ሲያደርግ፣ መቀመጫው የት ይሁን ተብሎ በምክር ቤት ድምፅ ተሰጠ። በአንድ ድምፅ ተሸነፍን። ያቺን ድምፅ ለጎረቤት ከተማ ለክዋብራፎ የሰጠው የምክር ቤት አባል የሆነው የገዛ ልጃችን ኦፎሱሄኔ ነው፤ እዚያ ሆቴል እያሠራ ነበር። ሆስፒታሉም አምቡላንሱም ወደዚያው ሄዱ።

በዓመቱ፣ በክብር ናና የምንላቸው የንግሥት እናታችን የአፍራኮማ ልጅ አዱቢ ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ቢጠራ ቢጠራ ከክዋብራፎ አልመጣም። በፒክአፕ ጭነናት ወጣን፤ መንገድ ላይ ከነልጇ አረፈች። ኦፎሱሄኔ ለቀብር መጥቶ፣ "ናና፣ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል" አላቸው። አፍራኮማ አመስግነው ሸኙት። እኔ ቃል አቀባያቸው ነኝ፤ ጠባያቸውን ስለማውቀው ፈራሁለት።

ዓመታት አልፈው የከተማችን የባህል ንጉሥ ሞቱ። በእናት ወገን ተቆጥረው ለዙፋናችን፣ ለንግሥና በርጩማው፣ የሚበቁት ኦፎሱሄኔና የዘንባባ ጠጅ እየቀዳ የሚሸጠው ያምፎ ብቻ ነበሩ። በኛ ዘንድ እጩውን የምትጠራው ንግሥት እናት ናት። ኦፎሱሄኔ በግና አረቄ አስጭኖ አፍራኮማ ዘንድ ከተፍ አለ።

"ቤተ መንግሥቱ ያፈሳል፣ ልጄ" አሉት። ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰው።

"ሽማግሌዎቹም መቀመጫ የላቸው።" ወንበር አመጣ።

"ናና፣ ሊሾሙት ነው እንዴ?" ብላቸው፣ "ዝም በል፤ በግ ሳይሰባ አይታረድም" አሉኝ።

እጩው ሊጠራ ከተማው በተሰበሰበበት ቀን ኦፎሱሄኔ የክብር ልብሱን ኬንቴውን ተጎናጽፎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አፍራኮማ ተነሱ።

"ብትነግሥ ምን ታደርግልናለህ?"

"ወረዳችንን አስመልሳለሁ! ሚኒስትሩ ወዳጄ ናቸው።" ሰው አጨበጨበ።

"የወሰደብንስ ማን ነበር?"

"ናና፣ ያ እኮ... ለሁሉም እንዲመች ብዬ..."

"አዱቢ መኪና ላይ ደሟ አልቆ የሞተችውም ለሁሉም እንዲመች ነው?"

አፍራኮማ በእጃቸው መንገዱን አሳዩት።

"ንግሥና ካማረህ ክዋብራፎ ሂድና ያንግሡህ። ያምፎ፣ ና ልጄ።"

ኦፎሱሄኔ እግራቸው ላይ ወደቀ። "እናቴ፣ በሰው ፊት አያዋርዱኝ!" እግራቸውን ነጠቁት። ሴቶቹ "ሂድ፣ ሆቴልህ ይጠብቅሃል!" እያሉ እስከ መኪናው ሸኙት።

ያምፎ ደግ ንጉሥ ወጣው። ግን አንድም ሚኒስትር አያውቅም፤ ወረዳውም በሄደበት ቀረ። ባለፈው ክረምት ሌላ ወላድ በዚያው መንገድ ሞተችብን። ከቀብሯ ስንመለስ አላስችል ብሎኝ፣ "ናና፣ ያን ሰውዬ ብንሾመው ኖሮ እውነት ያስመልሰው ነበር?" አልኳቸው።

"ያስመልሰው ነበር።"

ፊታቸው ላይ ጸጸት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"ዛሬም ቢመጣ በርጩማውን አልሰጠውም" አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።