እስክደውል አታልቅሺ

ከደብረ ኤልያስ የመጡት ዘመዶች ገና ከአጥሩ ውጭ ሆነው «ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ ሲገቡ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሣ። የሟቹ እናት ሥራነሽም እንደ ደንቡ ተነሣች። አለቀሱባት፤ እሷ ግን ሟቹ የእነሱ ልጅ የሆነ ይመስል ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገች አባበለቻቸው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለችና ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሞባይል ፈታ አየችው።

የኔአለም እናቷን ከድንኳኑ ጥግ ሆና ታያታለች። ወንድሟ ምስጋናው ከተቀበረ ወዲህ ከእናቷ ዓይን ጠብ ያለ እንባ የለም።

እዝን ይዘው የመጡት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ያልተለቀሰ ኀዘን ራስ ላይ ይወጣል ይባላል። አንዷ ደብረ ወርቅ ላይ ባሏን ሳታለቅስ የቀበረች ሴት ታውቃለች፤ በገበያ ቀን ልብሷን ጥላ ሄደች። ሌላዋ ወደ ሞባይሉ በአገጯ እያመለከተች፣ ይቺም ጀምሯታል አለች። አልቃሿ ወለተ ሰንበት ብትለመን እምቢ ብላለች። እናት ሳታለቅስ እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ደግሞም ለምስጋናው የነበረኝን ግጥም ያኔ ጨርሼዋለሁ ነው መልሷ።

ያኔ ያለችው የመጀመሪያ ሞቱን ነው።

ምስጋናው ተዋናይ ነበር። ዋና ተዋናይ ግን አልነበረም፤ ዋናው ተዋናይ እንዲበቀልለት ቀድሞ የሚሞተው ነበር። ሲፈጥረው የሚያሳዝን ፊት ነበረው። በተከታታይ ድራማ ላይ ፈገግ ብሎ «በሉ ነገ እንገናኝ» ካለ፣ ተመልካቹ «አለቀለት» ይል ነበር። በጥይት ሞቷል፤ በመርዝ ሞቷል፤ ገደል ገብቷል። በአንድ ፊልም እንዲያውም መንትያ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሞቷል። ሀገሩ ሁሉ ፊቱን ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን የትውልድ ከተማው ሉማሜ ብቻ ነው።

ያኔ ሉማሜ ላይ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሥራነሽ ልጅሽ ሊታይ ነው ተብላ ከገበያ መልስ ከነዘንቢሏ ገባች። ልጇ ብቅ ሲል እልል አለች። ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ በሽጉጥ ደረቱን አለው። እልልታዋ ሳያልቅ ኡኡታ ሆነ። ጨዋታ ነው ቢሏት ደሙን በዓይኔ አይቼ አለች። ጨዋታ ነው ሲሉ የነበሩትም ደሙን ሲያስቡት ሌሊቱን ልባቸው ከዳቸው። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። ወለተ ሰንበትም መሐል ገብታ አወረደችው፦

«መኪናው ሲመጣ ሉማሜ ሲቆም፣
ሁሉም ሰው ወረደ አንተ የለህም።»

እሱ ግን ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ፣ የመጀመሪያ ሥራውን ሊያወራላት ከአውቶቡስ እየወረደ ነበር። ድንኳን አይቶ ማን ሞቶ ነው ብሎ የጠየቀው ሰው አማትቦ ሸሸው። ነገሩ ሲገባው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ንፍሮ በላ። ወለተ ሰንበትንም ግጥሙን አስደገማት፤ ከዚህ የተሻለ ማንም አልጻፈልኝም ብሎ።

እናቱ ግን አልሳቀችም። ስለዚህ በማርያም አስማላት። «ስሞት ብታይ፣ እስክደውል አታልቅሺ።»

ከዚያ ወዲህ በሞተ ቁጥር ይደውላል። መጀመሪያ በሻይ ቤቱ ስልክ ነበር፤ ባለቤቱ አስፋልቱን ተሻግሮ «ሥራነሽ፣ ልጅሽ ተነሥቷል!» እያለ ይጣራል። የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል በትንሣኤ አይቀለድም ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ድራማ በተላለፈ ማግስት ግን ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው «ተነሣ እንዴ?» ማለት አይቀርላቸውም። በኋላ ሞባይል መጣ። የኔአለም አንድ ቁጥርን ተጭነሽ ያዢ፣ እሱ ጋ ይደውላል ብላ እናቷን አስተማረቻት።

የእውነቱ ሞት መብራትም ካሜራም አልነበረውም። ጉበቱን ታሞ፣ ለእናቴ እንዳትነግሩ እያለ፣ አዲስ አበባ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሞተ። ወደ ሉማሜ በሳጥን መጣ።

ከሰዓት በኋላ ይስማው የሚባል ተዋናይ ለልቅሶ ገባ። ሰውየው በየድራማው ምስጋናውን ሲገድል የኖረ ነው። ከአጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አንስተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ይስማው የኔአለምን፣ «እህቴ፣ ስንት ጊዜ ገድየዋለሁ፤ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም» አላት። ከሆስፒታል የወሰደውን የምስጋናውን ቦርሳም ሰጣት።

የኔአለም ቦርሳውን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ሸሚዝ፣ ማበጠሪያ፣ ሞባይል። ሞባይሉን ስታበራው ያልተነሡ ጥሪዎች ተደረደሩ፤ ሁሉም «እማ» ይላሉ። እናቷ ስልክ ስትጠብቅ ብቻ አልነበረም፤ ራሷም ስትደውልለት ነበር።

አይታ ሳትጨርስ እጇ ላይ ጠራ። «እማ።»

አነሣችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ምስጋናው?» አለች እናቷ። ትንፋሹን አዳምጣም፣ «አንቺ ነሽ የኔአለም። አተነፋፈስሽን አጣዋለሁ?»

«አዎ እማ።»

«አፈር ሲገባ አይቻለሁ፤ አላበድኩም። ግን ምያለሁ። በማርያም የማለ ሰው ምን ያድርግ?»

«እኔስ ምን ላድርግልሽ እማ?»

«አንቺው ንገሪኝ። በእሱ ስልክ ነው፤ እንደ ደወለ ይቆጠርልኛል።»

የኔአለም ግድግዳውን ተደገፈች። በሻይ ቤቱ ሰውዬ ድምፅ፣ «ተነሥቷል» የሚለው ቃል ሲጮህ ልጅ ሆና ሰምታው ነበር።

«እማ» አለች፤ «አልተነሣም።»

ከዚያ የእናቷ ጩኸት ከድንኳኑ ወጣ። ድንኳኑ ሁሉ ተከተላት፤ በመሐል ወለተ ሰንበት ድምፅዋን አገኘችና ያንኑ የድሮውን ጀመረች፤ መኪናው ሲመጣ ሉማሜ ሲቆም።

የኔአለም ልቅሶውን ሁለቴ ሰማችው፤ በአንድ ጆሮዋ ከድንኳኑ፣ በአንድ ጆሮዋ ከወንድሟ ስልክ። እናቷ ስልኩን መዝጋት ረስታለች። የኔአለምም አልዘጋችውም፤ ቻርጁ አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆመች።