ከጓሮ የመጣ እንጨት

መስከረም አራት ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ አርቪድ የልጁን መኪና የኋላ በር ከፍቶ እንጨቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ክሪስታ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከጓሮህ ነዋ አባዬ። ነፋስ የጣለው ዛፍ ነው። ራሴ ፈለጥኩት።»

ልታስደስተው ብላ ነበር። ሐኪሞቹ ከገና አያልፍም ብለዋታል። እሱ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእናቷ ጋር በየዓመቱ ድንኳን ይተክልበት በነበረው በዚህ ትንሽ የሚኔሶታ ጫካ፣ አንድ ምሽት እሳት ዳር መቀመጥ።

«ከመኪና እንዳይወርድ» አለ። «ቅርፊቱ ውስጥ ትል አለ። አንዱ እዚህ ከቀረ ይሄ ሁሉ ዛፍ ይደርቃል።»

«አሁኑኑ እናቃጥለዋለን እኮ።»

«የእኛን ሰፈር ያለ ዛፍ መላጣ ያስቀረው ሁሉም ሰው እንዲህ ማለቱ ነው።»

በሩን ዘጋው። የጫካው ፓርክ በር ላይ የሚሸጠው የአካባቢው እንጨት ከምሳ በፊት አልቋል፤ የወደቀ ጭራሮ መልቀምም ክልክል ነው። አርቪድ ድንኳኑን ራሱ ተከለ። አንድ ካስማ በመታ ቁጥር አረፍ ይልና ወደ ዛፎቹ ጫፍ ያያል። የሚያስረው ቋጠሮ ግን ንቅንቅ አይልም። ክሪስታ ላግዝህ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብርዱ መጣ። ብርድ ልብስ ደርባለት ባዶው ምድጃ ፊት እንደተቀመጡ፣ አጠገባቸው ሰፍሮ የነበረው ሰው ድንኳኑን ነቅሎ ሲያበቃ እንጨት ታቅፎ መጣ። ዱዌን ይባላል፤ እዚሁ ጫካ የተዋወቁት የዓመታት ወዳጅ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እንጨት ረስተህ መጣህ? በቃ አርጅተሃል።»

«ልጄ አምጥታ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

«እሱንማ መች አጣሁት፣ ችኮ።» እንጨቱን አወረደ። «እዚሁ በር ላይ የገዛሁት ነው። እኛ መሄዳችን ነው፤ የተረፈ ለሚቀር ነው።»

አርቪድ በአንዲት ክብሪት አነደደው። ቋሊማ ጠበሱ። እናቷ አንድ ጊዜ መጥበሻውን ሙሉ አሳርራ «እንዲህ ነው የሚበላው» ብላ እንደተከራከረች ሲያወራ እስኪያስለው ሳቀ።

እሳቱ ሲቀንስ ክሪስታ ፍልጥ ልትጨምር እጇን ዘረጋች።

«ተዪው፤ ይበቃል» አላት።

«ይበርድሃል አባዬ።»

«ነገ የሚመጣውስ አይበርደውም?»

ክሪስታ ተነስታ የቀረውን ፍልጥ ምድጃው አጠገብ ደረደረችና፣ ጤዛ እንዳይነካው የራሷን የዝናብ ካፖርት አለበሰችው።

አርቪድ በኅዳር አረፈ። ከጓሮ የመጣው እንጨት ከእነሱ ጋር ወደ ቤት ተመልሶ ነበር፤ ለቀብሩ የመጣነውን የሰፈሩን ሰዎች ያሞቀን እሱ ነው።