ከነሹራቡ

«እዩት! እናንተው እዩት!» ባልየው የልጁን የዕድገት መከታተያ ካርድ ለሦስተኛ ጊዜ ለለቅሶ ደራሾቹ ዘረጋ። «መስመሩ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እንዲህ የሚያድግ ልጅ በሁለት ቀን ሳል ይሞታል?»

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን ስላልያዙ ካርዱን አርቀው አዩትና መለሱለት።

«አዲሷ ነርስ ናት የገደለችው። እናቱ ለክትባት ዘመቻ ስትወጣ እኔ ይዤው ሄድኩ። ካርዱን አየች፣ ‹ደህና ነው› ብላ ሽሮፕ ሰጥታ መለሰችኝ። ነገ ኃላፊው ፊት አቆማታለሁ። ሳላስባርራት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሚስቱ ፍራሹ ላይ እንዳቀረቀረች ናት። በጤና ጣቢያው ከአምስት ዓመት በታች ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመት ልጆች መዝናለች። ካርዱ ላይ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ ያኖረችው እሷ ናት።

«ሲስተር እኮ ሚዛኑ ላይ ካልሲ እንኳ አታሳልፍም» አለች ልጅ የታቀፈች አንዲት እናት፣ ልታጽናና። «‹ልጅ ነው የምመዝነው ወይስ ጨርቅ?› ስትለን በሳቅ ነበር የምንሞተው።» ያመለጣት ቃል አስደንግጧት አፏን በእጇ ያዘች።

ከወራት በፊት፣ ብርዱ የጀመረ ሰሞን ነበር። ሚስትየዋ ስልሳ ልጅ መዝና ስትጨርስ እናቷ የራሷን ልጅ አመጡላት። ገና ሹራቡን ስትነካው ጩኸቱን አቀለጠው። አባቱ «ጎረምሳው» የሚለው ለዚህ ነው፤ እንቢ ካለ እንቢ ነው። እጇ ዝሏል፣ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ለዛሬ ብቻ ብላ ከነሹራቡ ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። የልብሱን በኋላ እቀንሳለሁ ብላ ነጥቡን አኖረች። በሚቀጥለው ወር ሹራቡ ላይ ጃኬት ተደረበ። በሦስተኛው ወር ጫማም ነበረው። መስመሩም ወጣ።

«ልጄ፣ ጎኑ እኮ ይቆጠራል» ብለዋት ነበር እናቷ፣ ገላውን ሲያጥቡት።

«ካርዱ ላይ ጨምሯል እማዬ። ልጅ በዓይን አይመዘንም።»

እናቷ አሁን ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ከቀብሩ ወዲህ አላናገሯትም።

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ነርስ ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆመች። ባልየው ተነሣ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ካርዱን አይቼ ነው… ይቅርታ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልጅቷ።

«አይደለም» አለች ሚስትየዋ።

ተነሣች። ከዘመቻ ቦርሳዋ ተንጠልጣዩን ሚዛን አውጥታ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው። ቀጥሎ እናቷ አጥፈው ያስቀመጡትን የልጁን ልብስ አመጣች። ሹራቡን መንጠቆው ላይ አደረገች። ጃኬቱን ደረበችበት። ጫማዎቹን በክራቸው አንጠለጠለች። የሚዛኑ መርፌ ተንቀጠቀጠ። እስኪረጋ ጠበቀች።

«አንብበው» አለችው ባሏን።

«አንድ ኪሎ… ከመቶ ግራም።» ካርዱን አየ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ነጥቦች በጣቱ ተከተለ፤ ከመጨረሻው ነጥብ አንድ ኪሎ ያህል ወደ ታች ወረደ። «ከነ…» አለና አልጨረሰውም። ካርዱ ከእጁ ወደቀ።

ያነሣለት ሰው የለም።

እሷ ወደ ሚዛኑ ዞረች። መጀመሪያ ጫማዎቹን አወለቀች። ከዚያ ጃኬቱን። ሹራቡ ላይ ስትደርስ፣ እንዳይጮህባት ይመስል፣ እጅጌውን ይዛ ቀስ አለች።