መጀመሪያ የሚሳፈረው ሠሪው ነው

ጉልምስናዬን የጨረስኩት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ፉርጎ ስጠግን ነው። እዚያ አንድ ደንብ ነበረን። ፉርጎው ከጥገና ሲወጣ መጀመሪያ ተሳፍሮበት እስከ አዋሽ የሚሄደው ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ነው። ታዲያ ማን ይለግማል?

ትናንት እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሶለንቱና፣ ልጄ ቤት፣ ለልጅ ልጆቼ ተደራራቢ አልጋ ገጣጠምኩ። ተፈታቶ በካርቶን የመጣ ነው፤ እንጨቱ እንጨት አይባልም። ትንሿ ፌበን ልትወጣበት ስትል ከለከልኳት።

«መጀመሪያ እኔ!»

በዚህ ዕድሜዬ መሰላሉን ወጣሁ። ላዩ ላይ ተገላበጥኩ፤ ሲጥ እንኳ አላለም። ተመቸኝና ተጋደምኩ።

ባለቤቴ ተጂቱ ከታች ሆና «ኧረ አንተ ሰውዬ ውረድ! ልጆቹ ይተኙበት!» ብላ ጮኸች።

«ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት፣ ትራሱን እያደላደልኩ። «ገና አዋሽ እንኳ አልደረስንም።»