መቀነት ውስጥ የሰነበተ ክኒን

ስንዱ ቡናማዋን የክኒን ጠርሙስ ገና ስታያት ወደደቻት። አንገቷ አጭር፣ ክዳኗ ጥብቅ፤ ከጸበል ላመጣችው ቅባ ቅዱስ ልክ ነበረች። ክኒኖቹን አወጣችና መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። ሰበታ ገበያ ሃያ ዓመት ሽንኩርት ስትሸጥ መቀነቷ ውስጥ የገባ ነገር ጠፍቶባት አያውቅም፤ ከዚያ የተሻለ ካዝና አለ ብሎ የሚያሳምናት ሰው አልተወለደም።

ነርሷ ኤዶም ግን አስጠንቅቃት ነበር። «እትዬ ስንዱ፣ ወደ ልብዎ ደም የሚወስደው ሥር ጠቧል። ጠዋት ጠዋት የሚውጡት አስፕሪን ደሙ እዚያ እንዳይረጋ ነው። ይቺ የጠርሙሷ ክኒን ደግሞ ደረትዎን ሲጨመድድዎት ምላስ ሥር ትደረጋለች፤ ሥሩን ታላላለች፣ የልብዎም ሸክም ይቀላል። ከጠርሙሷ እንዳያወጧት፤ ሙቀትና አየር ይገድላታል።»

ስንዱ «እሺ ልጄ» አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ታኅሣሥ 2008 ላይ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በርትቶ የጅማ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። መድኃኒት ቤቱም ቆለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ እንደ እሷው ልባቸውን የሚያማቸው ጎረቤቷ ኦቦ ቀጄላ አጥሩ ጋ መጡ።

«አካም ቡልቴ ስንዱ? የምላሷ ክኒን አለቀችብኝ፤ ካለሽ ትንሽ...»

«ምን ማለትዎ ነው! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል?» መቀነቷን ፈታ አምስት ሰጠቻቸው።

«ገላቶሚ» ብለው በወረቀት ጠቅልለው ሄዱ። ስንዱ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደረቷን ጨመደዳት። ተቀምጣ አንዷን ምላሷ ሥር አደረገች። ድሮ ወዲያው ምላሷን ታቃጥላት፣ ራሷን ትወቅራት ነበር፤ ከዚያ ሕመሙ ይለቃታል። አሁን የጠመኔ ጣዕም ብቻ። ሁለተኛዋን ጨመረች፤ ምንም። ግድግዳ ተደግፋ ስታቃስት ቆይታ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ተዋት። ላቧን ልትጠርግ መቀነቷን ብትነካ ቋጠሮው ትኩስና እርጥብ ነው። የኤዶም ቃል ያኔ ትዝ አላት። ቀጥሎ አምስቱ ትዝ አሏት፤ ክው አለች።

የቀጄላ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ እስክትደርስ ሁለቴ ቆማ አረፈች። ሚስታቸው ወርቅቱ ደጃፍ ላይ ገብስ ትለቅማለች።

«ኦቦ ቀጄላስ?»

«ጋደም ብሏል። ጠዋት ደረቱን ሲይዘው ያንቺን ሁለቱን አደረገ። የስንዱ ክኒን ደግ ናት፣ እንደኔዋ አታቃጥልም ብሎ ደስ አለው።»

«ቀስቅሺያቸው!»

«ተዪው እባክሽ፣ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ስንዱ አልፋት ገባች። ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው። አልነቁም።

ለቅሶው ላይ ወርቅቱ ለመጣው ሰው ሁሉ «ያ ሁሉ በር ተዘግቶ፣ ከራሷ ቀንሳ መድኃኒት የሰጠችው እሷ ናት» ትላለች። ሽማግሌዎቹም እየተቀባበሉ ይመርቃሉ። ስንዱ አሜን ማለት አቃታት። በሦስተኛው ቀን ጨክና «ወርቅቱ፣ የዚያ ክኒን ነገር...» ብላ ጀመረች።

ወርቅቱ ሳታስጨርሳት ጎንበስ ብላ «ገላቶሚ» እያለች ጉልበቷን ሳመቻት።