ያልተተረጎመ ቃል

ጓደኛዋ ምሥራቅ ለሦስተኛ ጊዜ «ያቺ ልጅ ናት የገደለችው» ስትል፣ አያልነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴቶቹ ሐዘኑ ጠናባት አሉ። ባሏ ጌታቸው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የጣለው ደም ግፊት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሚወራው ግን ስለ ታክሲ ፈቃዱ ነው። ከስምንት ወር በፊት በአንዲት ልጅ ውሸት ተነጠቀ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነም ይላሉ።

ከለቀስተኞቹ ውስጥ ውሸቱ የማን እንደሆነ የምታውቀው አያልነሽ ብቻ ነበረች።

ጌታቸው ደግ ባል ነበር። ናይሮቢ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ሲነዳ የታመመ ስደተኛ ካገኘ ያለ ክፍያ ሆስፒታል ያደርሳል። ቁጣው ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ነው። ሁለት ተሳፋሪዎች ሰደበን ብለው ከስሰውት በማስጠንቀቂያ አልፏል። ሦስተኛዋ አቢግያ ናት፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ፣ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከላቪንግተን ወደ መሃል ከተማ ሲወስዳት በስልክ በእንግሊዝኛ እያወራች ሳቀች፤ በእሱ የምትስቅ መሰለውና ሰደባት። አውርደኝ አለችው። በሩን ቆልፎ፣ ካልለመንሽኝ አትወርጂም እያለ ግማሽ ሰዓት አዞራት።

የፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲጠራው አያልነሽን ይዞ ሄደ። ስዋሂሊው ለመንገድ ይበቃል፤ ለቢሮ ግን የምታስተረጉምለት እሷ ናት። ሹሙ በሩን ለምን እንደቆለፈ ጠየቀው። ጌታቸው አንገቱን ደፍቶ በአማርኛ ተናገረ።

«ሆን ብዬ ነው። አስፈራራኋት፤ ስታለቅስም አልከፈትኩላትም። እንዲህ ብለሽ ንገሪው።»

አያልነሽ ወደ ሹሙ ዞራ፣ መቆለፊያው ተበላሽቶ ነው፣ ልጅቷ ናት ያጋነነችው አለች። ጌታቸው ገብቶታል። ቀና ብሎ አያት፤ ግን አላረማትም።

ፈቃዱ አልተረፈም። ያ ውሸት ግን ከቢሮው ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ገባ። አያልነሽ ለምሥራቅ ነገረች፣ ምሥራቅ ለሌላው። አቢግያ ከመዘምራኑ ቀረች። ጌታቸው እቤት ውሎ በየሳምንቱ፣ እንሂድና ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት ይላታል። ይግባኝ ብለናል፣ እሱ እስኪያልቅ ቆይ ትለዋለች። ይግባኙ ሳያልቅ እሱ አለቀ።

ከቀትር በኋላ አቢግያ ብቻዋን መጣች። ቦታ የለቀቀላት ሰው አልነበረም፤ ምሥራቅ እንዲያውም እግሯን ዘረጋች። ወዲህ ነይ ብላ አጠገቧ ያስቀመጠቻት አያልነሽ ናት።

«ፖሌ ሳና፣ አንቲ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ልጅቷ። «እማዬ አትሂጂ ብላኝ ነበር።»

አያልነሽ የተሰበሰቡትን ሴቶች አየች። ዝም ካለች ባሏ እንደ ተበደለ ሰው ሲለቀስለት ይኖራል። ከእንግዲህ ያላት የእነዚህ ሰዎች ማዘን ብቻ ነው፤ ይህን ማዘናቸውን ካጣች ደግሞ በዚህ አገር ማንም የላትም።

«ስሙኝ» አለች። «መቆለፊያው ደህና ነበር። ጌታቸው ቆልፎባታል። ቢሮ ቀርቦም አምኗል፤ ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

ምሥራቅ፣ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ አይወራም፣ እንቅልፍ ማጣቱ ነው ብላ ልታስተኛት ሞከረች። አያልነሽ እጇን ገፋችው። ከሴቶቹ ሁለቱ ጫማቸውን ፍለጋ ተነሡ።

አቢግያ አላለቀሰችም። ወደ አያልነሽ ዞረች።

«ይቅርታ ሊጠይቀኝ አስቦ ያውቃል?»

«በየሳምንቱ። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ ቢመጣ ይቅር እለው ነበር» አለች ልጅቷ በለሆሳስ። «እርስዎን ግን እንጃ፣ አንቲ። ዛሬ አልችልም።»

ተነሥታ ወጣች። ማንም አልሸኛትም። ምሥራቅ ጠጋ ብላ ባዶው ቦታ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ አያልነሽ መዳፏን ልጅቷ በተቀመጠችበት ላይ አሳረፈች። ፍራሹ ገና ይሞቅ ነበር። እስኪበርድ ድረስ እጇን አላነሣችም።