ጥላሸት የቀረው አውሮፕላን

«ይሄን አሻንጉሊት ከዚህ አንሺልኝ እንጂ! የሻይ ትሪ ማስቀመጫ አጣን እኮ» አለች የሟች ታላቅ እህት።

«አሻንጉሊት አይደለም፣ እትዬ። ቀለሙም አልደረቀም፤ ይተዉት» አለች ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ።

ውሸቷን ነው። ቀለሙ ከደረቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ባሏ ከተቀበረ ደግሞ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ስንዝር የማይሞላ ተዋጊ ጄት ነበር። አረንጓዴና ቡናማው በወጉ ተቀብቷል፣ ጎማዎቹ ገብተዋል፣ ጭራው ላይ አሥራ አራት ቁጥር ተለጥፏል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል። ነገ የእውነተኛው አሥራ አራት ቁጥር አብራሪ እህት ልትወስደው ትመጣለች፤ ልብስ ሰፊዋ ያንን የቀረውን ነገር ትጨርሰው ወይ ትተወው ጨንቋታል።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። ባልደረቦቹ «ብሎን» ይሉታል፤ «ብሎኑን ፈትሸኸዋል?» ሳይል ማንንም አያሰናብትማ። ጡረታ ሲወጣ በካርቶን የሚመጡ፣ ተገጣጥመው በሙጫ የሚጣበቁ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሥራት ጀመረ። ወረንጦው፣ ብሩሹ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ምግብ ጠረጴዛውን ወረሰው። «ገበታዬን ጦር ሰፈር አደረግከው» ትለዋለች። እሱም «አንቺም አልጋዬን በመርፌ ሞልተሽው የለ!» ይላል።

«አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብመጣ» አለች የባሏ እህት ሻይ እየቀዳች፣ «ማንም እንዳይነቃነቅ! ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ቦንብ መስሎኝ እግሬን ሰቅዬ ቀረሁ። ለካ ምስር የምታክል ጎማ ወድቃበት ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበታችን እየዳህን ፈለግን። ማታ ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳራግፍ ዱብ አትልም?»

ለቀስተኛው ሳቀና አፉን ያዘ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ የሳቀችው ከልቧ ነበር። እንዲህ ያስቃት ነበር እሱ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ።

«ግን ለምንድን ነው ሁሉም የቆሸሹት?» አለች ጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን ዘጠኙን እያየች። «እንዲያ አሳምሮ ቀብቶ?»

«ሆን ብሎ ነው» አለቻት። በእያንዳንዱ ላይ የመጨረሻ ሥራው ማጥቆር ነበር። እርሳስ በምላጭ ይፍቅና ዱቄቱን በጣቱ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ያሸዋል። «ያልጠቆረ ገና ያልሄደ ነው» ይል ነበር። «የጠቆረ ግን ሄዶ የተመለሰ ነው። እኛ መሬት ላይ የቀረነው የምንጠብቀው ጥላሸቱን ነበር።»

እውነተኛው አሥራ አራት ቁጥር ግን አልተመለሰም። አንድ ጠዋት እሱ ፈትሾ አስነሳው፤ የልብ ወዳጁ መቶ አለቃ አበረረው፤ በዚያው ቀረ። መርማሪዎች ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም ብለው ፈረሙ። እሱ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን ይተውና ብሎኖቹን በጣቱ ይቆጥር ነበር። ዘጠኝ ሲሠራ ይህን አንዱን አልሠራም። አምና የመቶ አለቃው እህት፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣ «የወንድሜን ሥራልኝ» ብትለው ጀመረው። ሁሉን ጨርሶ እርሳሱ ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። በየጠዋቱ ያነሳዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። «ምን ብዬ ላጥቁረው? አልተመለሰም እኮ» ይላታል። እንዲህ እንዳለ አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሳይነሳ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጣች። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ጄቱን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አየችው።

«ንጹሕ ነው» አለች።

«ጥላሸቱ ቀርቶታል። እሱ አልቻለም። እኔም ያላንቺ ፈቃድ አልነካውም ብዬ ነው። ከፈለግሽ እንዳለ ውሰጂው።»

«እንደዚህ ከሆነማ ገና ሊሄድ ነው ማለት ነው።» የብሎንን የጥላሸት ሕግ ነርሷም ታውቃለች።

«አዎ።»

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ ሁልጊዜ ሲሄድ ነው የሚታየኝ» አለች። «ጫማውን ሲያስር፣ በር ላይ ዞር ሲል። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄዳል? በቃው። አጥቁሪው፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣ ዘርግታ እርሳሱን በምላጭ ፋቀች። በዱቄቱ ጣቷን ነክራ ከጭስ ማውጫው ጀምራ ወደ ኋላ፣ ነፋስ እንደሚወስደው አድርጋ አሸችው። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ከመርፌ ሥር ሲያሳልፍ የኖረ እጇ መስመሩን አልሳተም። ለባሏም፣ ለመቶ አለቃውም፣ አጠገቧ ትንፋሿን ውጣ ለቆመችው ሴትም ነው የሠራችው። ደስ አላት። በሐዘን ቤት ደስ ይበል አይበል አላወቀችም፤ ግን ደስ አላት።

«ውይ! አበላሸሽው!» አለች የባሏ እህት።

«አይ እትዬ» አለች ነርሷ እንባዋን እየጠረገች። «ገባ። አሁን ቤቱ ገባ።»

በሩ ተንኳኳ። የባሏ የድሮ ባልደረባ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ የጠቆሩ ጣቶቿን አየች። መዳፏን አጠፈችና የእጇን አንጓ ሰጠችው።

«ይቅርታ» አለችው፣ «ሥራ ላይ ነኝ።»